የመምህር ዓብዱረዛቅ ቃላት ወራሾች

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀላሉዲን፤ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 1።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እናትህ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ በእሷ ስም ሰላም ብዬሃለሁ። በራሴ ስም ሰላም የምልህ የምጠይቅህን ከመለስክልኝ በኋላ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ከይረዲንም ደህና ነው። የሞተብኝን ሰው አንተም ታውቀዋለህ፤ በቀብሩ ላይ አልነበርክም እንጂ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለቤቴ መምህር ዓብዱረዛቅ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እኩዮቹ በርጫ ላይ ሲውሉ እሱ የአማርኛ ቃላት መልቀም ያዘ። ለቀመ፣ አጣራ፣ ኮምፒዩተር ላይ ጻፈ። ልጆች ሲጽፉ የተሳሳተውን ቃል ከሥሩ በቀይ የሚያሰምርላቸው የፊደል አራሚ የእሱ ድካም ነው። ይህን ለአንተ መንገር አያስፈልግም፤ ጅቡቲ ድረስ መጥቶ በእጅህ የሰጠህ እሱ ነው። አንተም ከየአገሩ ከተሰባሰቡት ጓደኞችህ ጋር አዘጋጅታችሁ በነጻ በምታድሉት የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ አስገባኸው። እኔ በርዕሰ መምህርነት የመራሁት ትምህርት ቤት ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በዚያ ሥርዓት ነው የሚሠሩት። እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ ልጆቹ አራሚውን ሲከፍቱ "ቃላቱን የሰበሰበው፦ ዓብዱረዛቅ ዑመር፣ ድሬዳዋ" የሚል ያነቡ ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት የኮምፒዩተር አስተማሪው አሮጌውን ሥርዓት በአዲሱ ተካው። የመምህሩ ስም ከነቃላቱ የለም። አሁን አንድ ልጅ "ትምርት" ብሎ ቢጽፍ የሚቆጣው ጠፋ።

ከይረዲን የአባቱን ኢሜይል ከፍቶ ቢያይ አንድ መልእክት ተቀምጧል። "ውድ ዓብዱረዛቅ፣ ሥራዎ የፈቃድ ማረጋገጫ ስለሌለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካላሟሉ ይወጣል" ይላል። መልእክቱ ሲመጣ ሰውየው አፈር ከለበሰ ወራት አልፈው ነበር። ለሞተ ሰው ቀነ ገደብ የሚሰጥ ምን ዓይነት ጉድ ነው ብዬ ባስጠይቅ፣ ጸሐፊው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው አሉኝ። ማሽኑን የሠራው ማን ነው ብል የአንተን ስም ጠሩልኝ።

ጀላል፣ ሰው ለደመወዝ ብሎ ዘመዱን ሲበድል አይቻለሁ። ያለ ደመወዝ የሚበድል ግን አንተን አየሁ። እዚያ እሳት ላይ ተቀምጠህ፣ ማንም ያልቀጠረህን ሥራ እየሠራህ፣ ሹመት ያገኘህ መስሎህ የሙታንን ስም ትሰርዛለህ። ከዚህ በፊት ላክልኝ ያልኩህን ሽቶ ተወው። ያወጣኸውን ብቻ መልስ።

ፈትያ

ጅቡቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትያ፣ ድሬዳዋ።

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታው የመጣው በእናቴ ስም ቢሆንም የተቀበልኩት እኔ ነኝና አመሰግናለሁ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ጋሽ ዓብዱረዛቅን ጀነት ያግባልን። በቀብራቸው ቀን እዚህ ሌላ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነበር። የማን እንደሆነ ጊዜው ሲደርስ እነግርዎታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምናዘጋጀው ሥርዓት ከአንድ እጅ የወጣ አይደለም። ብዙ ሺህ ሰዎች የሠሯቸው ቁርጥራጮች ተገጣጥመው ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ባለቤት አለው። ባለቤቱ "ውሰዱት፣ አባዙት፣ አሻሽሉት፣ ለሌላም ስጡት" ብሎ በጽሑፍ ካልፈቀደ፣ እኛ በነጻ የምናድለው የሰው ንብረት ነው። ስሙ ሲያምር ስጦታ፣ ሲጣራ ስርቆት።

ቀድሞ ይህን የሚመረምረው ሰው ነበር። አንዱ ተቆጣጣሪያችን ገጽ ሙሉ ሐተታ ይጽፋል፣ ፋይሉን ግን ከፍቶ አያይም። ሌላው ወዳጁ የላከውን ዓይኑን ጨፍኖ ያሳልፋል። እኔ ደግሞ ከትራንዚት ቢሮው ሥራ ስወጣ፣ በሐምሌ ሙቀት፣ መብራት ሄዶ እስኪመጣ እየጠበቅሁ የሰው ፋይል ሳገላብጥ ዓይኔ ጠፋ። ስለዚህ ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ጻፍኩ። እያንዳንዱን ፋይል ይከፍትና ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የማን ነው፣ በምን ፈቃድ ነው። ሁለቱንም ካገኘ ያሳልፋል። ካጣ ወደ ጎን ያስቀምጥና ለባለቤቱ ይጽፋል። አዲሱን ብቻ ሳይሆን ከዓመታት በፊት በዝምታ ያለፈውንም ሁሉ እንደገና እንዲያይ አዘዝኩት። የጋሽ ዓብዱረዛቅ ቃላት የተያዙት ያኔ ነው። ስማቸውን አገኘ፤ ፈቃድ ግን አላገኘም። ሰው ሲሞት ለማሽኑ የሚያረዳው የለምና በመልእክቱ ስላዘኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደመወዝ የለውም ያሉት እውነት ነው። ደመወዝ ያለውን ቀን ቀን እሠራለሁ። አለቃዬ በተሰረቀ ፕሮግራም የጉምሩክ ሰነድ እያሠራኝ ስለ ሐቀኝነት ይሰብከኛል። አገር ምድሩ አንድ መስመር ሳያነብ "እስማማለሁ" የሚለውን ይጫናል። ማንበብ እንደ እኔ ላለው ሥራ ፈት ተትቷል።

ጋሽ ዓብዱረዛቅ ፍላሹን እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ሲሰጡኝ "ለሰው ይሁን" ነው ያሉኝ። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬን ግን ከፋይሉ ጋር ማያያዝ አልችልም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። አሁን ንብረቱ የወራሾቻቸው ነው። ከዚህ ጋር የላክሁትን የፈቃድ ወረቀት ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙበት። ሁሉም። ያኔ ቃላቱ በክብር ይመለሳሉ።

አክባሪዎ ጀላሉዲን

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀላሉዲን።

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልቦና ይስጥህ ብዬ እጀምራለሁ፤ ሌላው እንዳልጎደለህ ከደብዳቤህ ርዝመት ተረድቻለሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ሁለቱንም ሆነህ መጣህብኝ። ሰውየው በአንደበቱ "ለሰው ይሁን" ካለህ በኋላ የሚስቱን ፊርማ የምትለቅም ሰው፣ እናትህ ስትወልድህም ደረሰኝ ጠይቀሃት ይሆናል።

ቢሆንም ፈርመናል። እኔ ፈርሜያለሁ፣ ከይረዲን ፈርሟል። ከሁለታችን ሌላ ወራሽ የለም። "ሁሉም" የምትለዋን ለብቻዋ አውጥተህ መጻፍህን አይቻለሁ። ስንት ክፍል ሙሉ ተማሪ ያነበብኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ነገር ሁለቴ አይነገረኝም።

አንድ ያልገባኝ አለ። በቀብሩ ቀን የተቀመጥክበት ለቅሶ የማን ነው? ከእኛ ወገን በዚያ ሰሞን ጅቡቲ የሞተ ሰው አልሰማሁም። ጊዜው ሲደርስ ብሎ ነገር ለትንቢት ነው፤ ለለቅሶ አይሆንም።

ወረቀቱን የሚያደርስልህ የከባድ መኪና ሹፌር ታማኝ ነው። ጉዳዩ ካለቀ ሽቶውን በእሱ ላክልኝ። በግማሽ ዓመት ፈተና ልጆቹ አራሚውን ማግኘት አለባቸው።

ፈትያ

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትያ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሰብርና ዓፊያ ይስጥዎት። መልሱ እንደዘገየ አውቃለሁ። ሹፌሩ ወረቀቱን በሁለተኛው ቀን አድርሶልኛል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ስንቴ ጀምሬ እንደቀደድኩት ብነግርዎት ይስቁብኛል።

ወረቀቱ ጎደሎ ነው።

እዚሁ ጅቡቲ ዳር፣ ሃያብለ የሚባል ሰፈር ውስጥ ኑሪያ የምትባል ሴት አለች። የሂርና ልጅ ናት። ወደዚህ የመጣችው በልጅነቷ ነው፤ የፈረንሳይ መኮንን ቤት እዚያው እያደረች ታበስል ነበር። ጋሽ ዓብዱረዛቅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በባቡር ወደዚህ ይመጡ በነበረበት ዘመን ተገናኙ። ኒካሕ አስረዋል፤ በድብቅ አይደለም፣ የካርቲየ 5 ሰው ያውቃል። ድሬዳዋ ብቻ ነው ያልሰማው። ልጅ አለቻቸው። ኻሊዳ ትባላለች፤ አሁን ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በፈረንሳይኛ ነው የምትማረው። በቀብራቸው ቀን የተቀመጥኩት እዚያ ቤት ነበር። የሚቆምላቸው ወንድ ዘመድ ስላልነበረ እንግዳ የተቀበልኩት እኔ ነኝ።

ለምን አልነገርከኝም ይሉኛል። መናገር የነበረባቸው ባለጉዳዩ እሳቸው ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን አልተናገሩም። እኔም ያልጠየቁኝን ማውራት ልማዴ አይደለም። አሁን ግን ወራሾቹ ሁለት ብቻ ናቸው የሚል ወረቀት በእጄ አለ፤ ውሸት መሆኑንም አውቃለሁ። እያወቅሁ ይህን ከፋይሉ ራስጌ ላይ ብጽፍ፣ ማሽኑ ያሳልፈዋል። ማሽኑ የተጻፈውን እንጂ የተደበቀውን አያይም። የምደብቀው እኔ እሆናለሁ።

ልጅቷ መፈረም አለባት። እርስዎ ይፍቀዱና ሄጄ ላነጋግራት።

አክባሪዎ ጀላሉዲን

ድሬዳዋ፣ ጥር 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀላሉዲን።

ሰላምታ የአላህ ነው፤ ስለዚህ አልከለክልህም። አሰላሙ ዐለይኩም።

እስካሁን ያልጻፍኩልህ ታምሜ አይደለም፣ አልቅሼም አይደለም። የሚጻፍለት ሰው ስላጣሁ ነው።

ቃላት ልለቅም ነው የምሄደው ይለኝ ነበር። የወደብ ሰው የሚናገረው አማርኛ መዝገብ ላይ የሌለ ነው፣ ካልሰማሁት ያመልጠኛል ይል ነበር። እኔም የጉዞ ሻንጣውን በገዛ እጄ እያዘጋጀሁ፣ ሸሚዙን እየተኮስኩ ሸኘሁት። ለአንዲት ወጥ ሠሪ! ባለጌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ባለጌ ሰው ቢያንስ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል።

አንተን ደግሞ ምን ልበልህ? የኔ ደም ነህ። በየዓመቱ ለዒድ ቤቴ መጥተህ ከገበታዬ እየበላህ፣ ባሌን አጠገቤ ተቀምጦ እያየኸው፣ ዝም አልክ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አሁን ስለ እውነት ልታስተምረኝ የተነሳኸው ማሽንህ እንዳይዋሽ ነው። እኔ ስዋሽልህ፣ ስታለልልህ፣ ሳፍርልህ ግን ግድ አልነበረህም። ከፋይል አነስኩብህ።

ልጅቷን እንድታነጋግር አልፈቅድም። ስሜ ከእሷ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አይውልም። የምታደርገውን ልንገርህ። ማሽኑን የጻፍከው አንተ ነህ፤ አንድ መስመር ጨምርበት። "ከዓብዱረዛቅ ቃላት በስተቀር" በል። ያንን ማድረግ የማትችል ከሆነ ማሽኑን የጻፍከው አንተ ሳትሆን እሱ አንተን ነው።

ካልሆነም ቃላቱ እዚያው ይበስብሱ። የተለቀሙበትን መንገድ ካወቅሁ በኋላ አልሳሳላቸውም።

ፈትያ

ጅቡቲ፣ የካቲት 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትያ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የጻፉብኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። ስለ ዒዱ ገበታ የምመልሰው የለኝም።

ስለ መስመሯ ግን አለኝ። የሚሉት ዓይነት መንገድ አለ፤ አልዋሽዎትም። ማሽኑ ሲሳሳት የማስተካክልበት ነው። አንድ ሰውዬ ፈቃዱን በትክክል ሰጥቶ አንድ ፊደል ስለገደፈ ማሽኑ ሥራውን ሲጥልበት፣ በዚያ መንገድ አሳልፌለታለሁ። ግን እንዲህ ሲደረግ ያሳለፈው ሰው ስሙንና ምክንያቱን ይጽፋል፤ የፈለገ ሰው ሁሉ ያነበዋል። በእርስዎ ጉዳይ ምክንያት ብዬ ምን ልጻፍ? "ባልቴቷ ስለ ተቆጡ" ልበል? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እያልን ነው አገራችንን ሁሉ በማለፊያ መንገድ የሞላነው። እዚህ ወደብ ላይ ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን ነው፤ የእገሌ ኮንቴይነር፣ የእገሌ አጎት፣ ዝም ብለህ አሳልፍ። ማታ ቤቴ ገብቼ በነጻ የምሠራውን ከዚያ የተለየ ነገር ይሁንልኝ ብዬ ነው። አላደርገውም።

አሁን ደግሞ ሊሰሙት የማይፈልጉትን እነግርዎታለሁ፤ ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ደብዳቤዎን ያመጣልኝ ሹፌሩ አልነበረም። ከይረዲን ነው። ቀድሞ የጻፍኩልዎትን ከመሳቢያዎ አውጥቶ አንብቦታል። ሻንጣውን ክፍሌ ውስጥ አስቀምጦ "እህቴ ጋ ውሰደኝ" አለኝ።  ወሰድኩት።

ሃያብለን ቢያዩት ቤት አይሉትም፤ ጣውላና ቆርቆሮ ነው፣ ውሃ በበርሜል ይገዛል። ኻሊዳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እናቷ ሥራ ላይ ነበረች፤ የምታድረው ቀጣሪዎቿ ቤት ነው። ልጅቷ መልኳ የጋሽ ዓብዱረዛቅ ነው፤ አማርኛዋ የእናቷ ስለሆነ የሂርና ለዛ አለው፣ መሃል መሃሉን ሶማልኛ ትጨምርበታለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ፊደል ያስቆጠሯት አባቷ ናቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ፈቃድ የሚለውን ወረቀት እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

"'የመምህር ዓብዱረዛቅ ዑመር ወራሾች' ይላል" አለችኝ። "እነማን ናቸው?"

ስማቸው በፊርማው ቦታ ይኖራል፣ ፋይሉ ላይ ግን "ወራሾች" ብቻ ነው የሚጻፈው አልኳት።

ወረቀቱን መለሰችልኝ። "አባቴ ቃላቱን ለዓለም ሁሉ ሰጠ። ድሬዳዋ ላይ ግን ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረም። ስሜ ካልተጻፈ አልፈርምም።"

ከይረዲን የእሱም ስም ይጻፍ አለ፤ ከእሷ በታች ቢሆንም ግድ የለኝም አለ። ስሞቹን ዘርዝሬ ጻፍኩና ሁለቱም ፈረሙ። አመሻሹ ላይ ስንወጣ ልጅቷ እጁን ይዛ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር።

አሁን የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ስሞቹ ተዘርዝረው ተጽፈዋል። ይፈርሙ ወይም ይቅደዱት።

ጀላሉዲን

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀላሉዲን።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሙሉውን የጻፍኩልህ ስለሚገባህ አይደለም፤ ጎደሎ ነገር ስለማልወድ ነው።

ከይረዲን ተመልሶ መጥቶ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ምን ትማራለች?" አልኩት። "ሒሳብ" አለኝ። 

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ የዓመቱ መዝጊያ ነበረውና ጠሩኝ። በአማርኛ አንደኛ ለወጣ ልጅ በዓብዱረዛቅ ስም ሽልማት ይሰጣሉ። የምስክር ወረቀቱን እንድሰጥ አስነሡኝ። ተቀብዬ ባየው "የመምህር ዓብዱረዛቅ ዑመር መታሠብያ ሽልማጥ" ይላል። ኮምፒዩተር ላይ የተጻፈ ነው፣ ማኅተም አለበት፣ ዳይሬክተሩ ፈርሞበታል። አንድም ነገር በቀይ አላሰመረበትም። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጁ አነበበው፤ እሱም አልታየውም። መድረኩ ላይ ቆሜ ሰውየውን ሁለተኛ ቀበርኩት።

ቤቴ ገብቼ ወረቀትህን አወጣሁ። ልፈርም ብዕር ካነሳሁ በኋላ ነው በደንብ ያነበብኩት። ጀላል፣ አንተ የጎደለ የሚይዝ ማሽን ሠራሁ የምትል ሰው ነህ። አንድ ፊደል የገደፈ ሰው አያመልጥህም። የጻፍካቸው ወራሾች እነማን ናቸው? "ፈትያ፣ ሚስት። ከይረዲን፣ ልጅ። ኻሊዳ፣ ልጅ።" የኻሊዳ እናት የት ገባች?

ሰው ልጅ ትቶ ሲሞት የሚስት ድርሻ ስምንተኛው እጅ ነው። ሁለት ሚስት ካለው ለሁለት ይካፈሉታል። ይህን ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ያውቀዋል። ኒካሕ አለ ብለህ የነገርከኝ አንተው ነህ። ለቅሶዋ ላይ ተቀምጠህ፣ እንግዳዋን ተቀብለህ፣ ቤቷ ሄደህ ልጇን አስፈርመህ፣ እሷን ዘለልካት። "ሥራ ላይ ነበረች" አልክ፤ በቃ። የሰው ቤት የምታበስል ሴት ፊርማ አላት ብለህ አላሰብክም። እኔ ወጥ ሠሪ ብዬ ሰደብኳት። አንተ ሳትሰድብ ሰረዝካት። ከሁለታችን የከፋው ማን እንደሆነ ማሽንህን ጠይቀው።

አልወዳትም። ፊቷን ማየት አልፈልግም። ግን ግማሽ ወረቀት ላይ አልፈርምም። ስሟን በራሴ እጅ ከስሜ ቀጥሎ ጽፌዋለሁ፤ "ኑሪያ፣ ሚስት"። ከፊት ለፊቱ ለፊርማዋ ቦታ ትቻለሁ። እኔ ፈርሜያለሁ። እሷ ካልፈረመች የእኔም አይጸናም።

ፈትያ

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፈትያ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ስለ ወረቀቱ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። ማስተባበያ አልፈለግሁለትም።

ኑሪያ ከሥራ የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሃያብለ ሄድኩ። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫው ነበር። ደጅ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። ግባም አላለችኝ፣ ሂድም አላለችኝ። የያዘችውን ልብስ አስጥታ እጇን ካደራረቀች በኋላ፣ "ከዓብዱረዛቅ ለቅሶ ወዲህ አንድ ጊዜ መጥተሃል፤ እሱንም እኔ በሌለሁበት ቀን" አለችኝ። 

ወረቀቱን ሰጠኋት። አማርኛ ማንበብ ትችላለች፤ እኔ እንደማትችል አድርጌ ላነብላት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። ቆማ አነበበችው። ስሟ ላይ ስትደርስ ቆየች።

"ይሄ የአንተ እጅ ጽሑፍ አይደለም" አለች።

አይደለም አልኳት። የእትዬ ፈትያ ነው አልኳት።

"አንተ ነግረሃት ነው?"

"አይደለም። እኔ ረስቼሽ ነበር። 'እሷ ካልፈረመች የእኔም አይጸናም' ብለው የላኩት እሳቸው ናቸው።"

 ኻሊዳ ከውስጥ ወንበር አወጣችላት፤ አልተቀመጠችም። ከዚያ ወረቀቱን በርሜሉ ክዳን ላይ ዘርግታ ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስልኝ፣ "በአንተ ቃል ቢሆን አልፈርምም ነበር" አለችኝ። እንዲህ ተንቄ አላውቅም፤ የሚገባኝን ያህል ብቻ ነው የናቀችኝ።

በዚያው ሳምንት አራቱን ስም ከፋይሉ ራስጌ ላይ በቅደም ተከተል ጻፍኩ፤ ፈትያ፣ ኑሪያ፣ ከይረዲን፣ ኻሊዳ። ከሥራቸው ፈቃዱን አስቀመጥኩ። ማሽኑ ከፈተው፣ ባለቤት አገኘ፣ ፈቃድ አገኘ፣ አሳለፈው። ለመስከረም በሚወጣው ሥርዓት ውስጥ የጋሽ ዓብዱረዛቅ ቃላት አሉ። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ እንዳለፈው አዲሱን ይጫን፤ ሌላ ምንም አይጠበቅበትም።

ያን ዓርብ ስወጣ ለኑሪያ "ለድሬዳዋ የምትልኪው መልእክት አለሽ?" አልኳት። ወደ ልብሷ ተመለሰች። ሰላምታ አልላከችልዎትም፤ እኔም ከራሴ አልጨምርልዎትም።

ጀላሉዲን